ዋልያ ሌላ ቤት የለውም

ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና «ዋልያ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ኳስ ወዳድ ከሆነ መልሱ አፉ ላይ ነው፤ ብሔራዊ ቡድናችን! «እሺ፣ እንስሳውስ? ምን ይመስላል? የት ይኖራል? ምን ይበላል?» ስትሉት ግን ብዙ ልጆች ዝም ይላሉ። ያው ልጅ ፔንግዊንና የዋልታ ድብ በሥዕል ቢቀርብለት አይሳሳትም። በልጁ አይፈረድም። የሥዕል መጻሕፍቱ ከውጭ የመጡ ናቸው፤ በስልክና በቴሌቪዥን የሚያያቸው ፊልሞችም እንዲሁ። እኛ ወላጆቹም ብንሆን የዋልያን ስም በማሊያ፣ በቢራ ጠርሙስና በሆቴል በር ላይ ከማንበብ አልፈን እንስሳውን በዐይናችን ያየነው ጥቂቶች ነን።

ስሙ በየቦታው አለ። እንስሳው ግን በዓለም ላይ የሚገኘው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በስሜን ተራሮች ገደል ላይ። አንበሳ ከአንድ አገር ቢጠፋ ከሌላ አገር ይመጣል፤ በየአገሩ መካነ አራዊት የሚረባም አለ። ዋልያ ግን በየትኛውም መካነ አራዊት ውስጥ የለም። ስሜን ላይ ከጠፋ ጠፋ ነው። «አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በዚህ ወር ስለ ስሜን እንስሳት እናውራ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ጉዳዩን በቤተሰብ መጽሔት ላይ ያመጣሁትም አለ ምክንያት አይደለም። የእነዚህ እንስሳት ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በየቤቱ ነው፤ ባልና ሚስት ስንት ፍየል እናርባ ብለው ሲመክሩ፣ የቤቱ ውሻ ሲከተብ ወይም ሳይከተብ ሲቀር፣ ልጅ ከብቱን ይዞ ወደየትኛው ዳገት እንዲወጣ ሲታዘዝ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ከጎንደር ወደ ላይ

ከጎንደር ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን ስትጓዙ መጀመሪያ ዳባትን ታገኛላችሁ፤ ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደባርቅ ትገባላችሁ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚሁ ደባርቅ ከተማ ነው። መግቢያ የሚከፈለው፣ አስጎብኚና ስካውት የሚያዘው፣ በቅሎ የሚከራየው እዚህ ነው። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ የሚወጣው መንገድ ፓርኩን አቋርጦ በቧሂት በኩል ወደ ጃናሞራ ይሻገራል። ደረስጌ ያለችው በዚያ ነው።

ደረስጌን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቃታል። ደጃዝማች ውቤ ራሳቸው ሊነግሡባት ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤን ድል ያደረጉት ደጃች ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከዚያ 20 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ግን በዚሁ በስሜን በኩል ሌላ ዓይነት ታሪክ ያለው ሰው አልፎ ነበር። ኤድዋርድ ሩፔል ይባላል፤ የጀርመን የፍራንክፈርት ከተማ ሰው ነው። ወደ አገራችን ከመምጣቱ በፊት በግብፅና በቀይ ባሕር ዳርቻ ሲዘዋወር የባሕር ፍጥረታትን ሰብስቦ መዝግቧል፤ ብዙ የቀይ ባሕር ዓሦች በሳይንስ የሚጠሩት እርሱ ባወጣላቸው ስም ነው። በምጽዋ ገብቶ፣ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ስሜን ተራሮች ወጣ፤ ከዚያም ወደ ጎንደር ዘለቀ።

በዚህ ጉዞ የሰበሰባቸውን ይዞ አገሩ ሲገባ የስሜንን ሦስት እንስሳት ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ። የሰጣቸውን ስም ተመልከቱ። ዋልያን «ካፕራ ዋልዬ» አለው፤ ሁለተኛው ቃል የእኛው «ዋልያ» ነው። ጭላዳን «ጌላዳ» ብሎ መዘገበው፤ ከአካባቢው ሰው አፍ የሰማውን እንደሰማው ጽፎት ነው። ቀይ ቀበሮን ደግሞ «ካኒስ ሲመንሲስ» አለው፤ የስሜን ውሻ እንደማለት ነው። ዛሬ በቶኪዮም በለንደንም የሚማር የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ እነዚህን ስሞች ሲጽፍ ሳያውቀው አማርኛና ስሜንን እየጠራ ነው።

አምስት ወር የሚጠበቅ ግልገል

ወንዱ ዋልያ ወደ ኋላ የተቆለመመ፣ ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችል ቀንድ አለው። አገጩ ላይ ጥቁር ጺም ያበቅላል። ሴቷ አነስ ያለች ናት፤ ቀንዷም አጭርና ቀጭን ነው። ሰው ቁልቁል ለማየት እንኳ በሚፈራው ገደል ላይ በጠባብ እርከን እየተሸጋገሩ ሣርና ቅጠል ይለቅማሉ። የቅርብ ዘመዱ የኑብያ ዋልያ የሚባለው ሲሆን በግብፅና በሱዳን በቀይ ባሕር ዳርቻ ባሉ ደረቅ ተራሮች ይኖራል። የእኛው ከዘመዶቹ ሁሉ ወደ ደቡብ ርቆ፣ ከፍታና ብርድ መርጦ ቀርቷል።

እናት ዋልያ አምስት ወር ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ነው። ይህን ልብ በሉ። በአንድ ክፉ ዓመት የጠፋውን ለመተካት ብዙ ደግ ዓመታት ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ጠመንጃ በአካባቢው ከተስፋፋ በኋላ ዋልያ ለሥጋውም ለቀንዱም ሲታደን ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቁጥሩ 200 እንኳ የማይሞላ ሆኖ ነበር። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1969) በሕግ የተቋቋመው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ ስሜን ነበር፤ ሌላው የእኛ ላሊበላ ነው።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እየወጣና እየወረደ ቆየ። በደጉ ጊዜ ወደ ብዙ መቶዎች ከፍ ብሏል፤ ሆኖም በተቆጠረባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ሺህ ሞልቶ አያውቅም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ እንደገና ቁልቁል ወርዷል። አደን ሙሉ በሙሉ አልቆመም። ከአደን ባልተናነሰ የሚጎዳው ግን የግጦሽ ሽሚያ ነው። በግና ፍየል የሞላበት ዳገት ላይ ዋልያ አይቆምም፤ ወደ ባሰው ገደል ይሸሻል። ከቤት እንስሳ ወደ ዋልያ የሚሻገር በሽታም ሌላው ስጋት ነው።

እዚህ ላይ በችኮላ መፍረድ የለብንም። ለአንዲት የስሜን እናት ፍየል ማለት የቁጠባ ደብተር ናት። ልጅ ሲታመም ትሸጣለች፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ደብተርና እስክሪብቶ ትሆናለች፤ ዘመድ ሲሞት ለተዝካር ትደርሳለች። «ፍየልሽን ቀንሺ» የሚላት ሰው በምትኩ ምን እንደሚሰጣት አብሮ መናገር አለበት።

ሣር የሚግጠው ዝንጀሮ

ጭላዳ በጠዋት ከገደሉ ሲወጣ ማየት ለልጅ የማይረሳ ትዝታ ነው። ሌሊቱን በገደሉ እርከን ላይ ተጠግቶ ያድርና ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተሰብስበው፣ ቂጣቸው ላይ ተቀምጠው እየተንፏቀቁ፣ በሁለት እጃቸው ሣር ሲነጩ ይውላሉ። ከዝንጀሮ ዓይነቶች ሁሉ በሣር የሚኖረው ጭላዳ ብቻ ነው። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ራቁት ቆዳ ልዩ ምልክቱ ነው። ውሎው ቁጭ ብሎ ስለሆነ ምልክቱን ደረቱ ላይ መያዙ ሳይጠቅመው አልቀረም።

የጭላዳ ወገኖች በጥንት ዘመን ከአፍሪካ ዳር እስከ ዳር ይኖሩ ነበር። የአጥንታቸው ቅሪት በሞሮኮ የባሕር ዳርቻ በካዛብላንካ አጠገብና በአልጄሪያ ሳይቀር ተገኝቷል። ከዚያ ሁሉ ዘር የተረፈው የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ያለው ብቻ ነው። ሳንቃበር አካባቢ ያሉትን ጭላዳዎች ከአሜሪካ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የተነሡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ እያንዳንዳቸውን ለይተው ሲያጠኗቸው ቆይተዋል።

ለገበሬው ግን ጭላዳ ሌላ መልክ አለው። የደባርቅና የጃናሞራ ደጋ የገብስ አገር ነው። ሣሩ በሰውና በከብት ሲሻማ፣ የታረሰው መሬት እስከ ገደሉ አፍ ሲደርስ፣ ጭላዳው ገብሱ ውስጥ ይገባል። አዝመራውን ከጭላዳ የሚጠብቀው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤት መዋል የነበረበት ልጅ። እንግዲህ ጭላዳ በገደሉ ጫፍ ላይ በቂ ሣር ቢኖረው የሚጠቀመው ጭላዳው ብቻ አይደለም።

ከከተማ የምንሄድ ሰዎች ደግሞ ሌላ ጥፋት እናጠፋለን፤ ዳቦና ብስኩት እንወረውርለታለን። ሰው ያበላው ጭላዳ ሰው መፍራት ይተዋል፤ ነገ የሚሄደው ወደ እርሻውና ወደ ድንኳኑ ነው። በሽታም ከሰው ወደ እርሱ፣ ከእርሱም ወደ ሰው ሊሻገር ይችላል። ጭላዳን ቁጭ ብሎ ማየት እንጂ ማብላት አያስፈልግም።

ቀይ ቀበሮና የቤታችን ውሻ

ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ ቀይ ቀበሮ በዘሩ ከተኩላ ወገን ነው። ቀድሞ አባቶቹ ከሰሜን ተሻግረው መጥተው የኢትዮጵያን ደጋ ቤታቸው እንዳደረጉት ይታመናል። በዓለም ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ አብዛኞቹ በባሌ ሲሆኑ ስሜን ላይ ያሉት ከመቶ በታች ናቸው። ምግቡ በአብዛኛው አይጥ ነው። ብቻውን ያድናል፤ የሚኖረው ግን በቤተሰብ ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በአብዛኛው የምትወልደው አንዷ እናት ስትሆን ሌሎቹ ቡችሎቿን ይጠብቃሉ፣ ያበላሉ። አክስትና አጎት የሌለበት ቤት የለም እንደምንለው ነው።

በመንዝ ጓሳ በተደረገ ጥናት ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር ታይቷል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ አይጥ ሲያድን ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። ብቻውን ሲያድን ከመቶ ሙከራ የሚሳካለት 25 ያህሉ ሲሆን፣ በጭላዳ መካከል ሲሆን 67 ይደርሳል። ጎረቤት ለጎረቤት ማለት ይህ ነው።

የቀይ ቀበሮ ትልቁ ጠላት ከሰው ቤት የሚወጣ ነው። ውሻ! በባሌ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በተደጋጋሚ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። በሽታው የመጣው እረኛን ተከትለው፣ ከብት እየጠበቁ ከሚወጡ የቤት ውሾች ነው። ስለዚህ የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ሠራተኞች ዋና ሥራ ቀበሮ ማሳደድ ሳይሆን በየመንደሩ እየዞሩ ውሻ መከተብ ሆነ።

ይህ ክትባት የሚያድነው ቀበሮውን ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ላይ ባላነሣሁት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው፤ በሽታው አለበት ተብሎ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ግን የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ልጅ በውሻ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። እንግዲህ አንድ መርፌ ሁለት ቤት ያድናል፤ የእናንተን ልጅና የቀበሮውን ቡችላ።

አጥንት የሚውጠው አሞራ

ጨነቅ ላይ ቀና ብላችሁ ብትጠብቁ ክንፉ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ የሚሰፋ ጺማም አሞራ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ በፊታችሁ ያልፋል። ሌሎቹ ጥንብ አንሣዎች ሥጋውን ሲጨርሱ እርሱ የሚፈልገው አጥንቱን ነው። ትልቁን አጥንት ይዞ ወደ ሰማይ ይወጣና ዐለት ላይ ይለቀዋል፤ ሲሰበር ወርዶ ይውጠዋል። ሆዱ ያለው አሲድ አጥንቱን ይፈጨዋል። በአውሮፓና በሰሜን አፍሪካ አትላስ ተራሮች እጅግ ተመናምኗል። በእኛ ደጋ ግን በዓል በዋለ ማግሥት በየመንደሩ ላይ ሲያንዣብብ ይታያል፤ ከየቤቱ የተጣለውን አጥንት ፍለጋ ነው።

ይህም እንስሳ ሕይወቱ ከቤታችን ጋር የተያያዘ ነው። ለጅብ ወይም ለባዘነ ውሻ ተብሎ በሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ የሚገድለው የታሰበለትን ብቻ አይደለም። ያንን ሥጋ የበላ አሞራም ይሞታል። አሞራ ከሌለ ደግሞ የሞተ ከብት በየሜዳው ሲሸት ይሰነብታል፤ የባዘነ ውሻ ይበዛል፤ ውሻ ሲበዛ ወደ ተነጋገርነው በሽታ እንመለሳለን።

የግጭ ሰዎች

ስለ ስሜን ሲወራ ስለ ግጭ አለማንሣት ተገቢ አይሆንም። ግጭ በፓርኩ እምብርት፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ የነበረ መንደር ነው። ሰዎቹ ፓርክ የሚባል ነገር ሳይታሰብ በፊት ገብስ ሲዘሩና ከብት ሲያረቡ የኖሩ ናቸው። በደርግ ዘመን ከፓርኩ ውስጥ አንዳንድ መንደሮች በግዴታ ተነሥተው ነበር፤ ያ ቂም ለፓርኩም ለእንስሳቱም አልበጀም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1996 ስሜንን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር ምክንያቶቹ የዋልያ መመናመን፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት፣ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈውም መንገድ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ፓርኩ ሰፋ፤ ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃንና ወደ ድልይብዛ ለሚሄደው ሕዝብም ከፓርኩ ውጭ የሚያልፍ አማራጭ መንገድ ተያዘ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ የሚሆኑ የግጭ አባወራዎች ካሣ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

እኛ ያን ጊዜ በደስታ አጨብጭበናል። ደስታው ተገቢ ነው፤ ሣሩ ተመልሷል፣ አፈሩ አርፏል። ግን የደስታው ዋጋ የተከፈለው በማን ነበር? ገብስ ከመዝራትና በግ ከማርባት ሌላ ሥራ የማያውቅ አባወራ በአንድ ጊዜ የከተማ ሰው ሁን ተባለ። በጓሮዋ የምትለቅመውን ጎመን በገንዘብ የምትገዛ እናት፣ እረኝነት የለመደና ከተማ ውስጥ የሚውልበት ያጣ ወጣት በየቤቱ ተፈጠረ። ለእነዚህ ቤተሰቦች ቃል የተገባው በእርሻው ፈንታ ቱሪስት ነበር።

ቱሪስቱ መጥቶ ቢሆን ነገሩ ይቃለል ነበር። አንድ እንግዳ ስሜን ሲወጣ ለአስጎብኚ፣ ለስካውት፣ ለበቅሎ አከራይና ለምግብ አብሳይ ይከፍላል፤ ደባርቅ ያድራል፣ እንቁላልና ዶሮ ይገዛል። ግን ችግሩ በላይ በላዩ መጣ። በ2011 ዓ.ም. በፓርኩ የተነሣውን እሳት ለማጥፋት የአካባቢው ሕዝብ ቀን ከሌሊት ተረባረበ፤ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስከማምጣት ተደረሰ። በዓመቱ ኮሮና ገባ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ፤ በዓመቱ መጨረሻም እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ዘልቆ ብዙ ቤተሰብ ሐዘን ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህም የክልሉ ሰላም አልረጋም። እንግዳው ሲቀር የስካውቱም የበቅሎ አከራዩም ገቢ ቆመ። ገቢ ያጣ ቤት ወደሚያውቀው ይመለሳል፤ ወደ ፍየሉ፣ ወደ ማገዶው፣ አንዳንዱም ወደ ጠመንጃው። ዋልያ ከሰው ችግር ተነጥሎ ሊድን አይችልም።

ከባሕር ዳር የመጣ ትምህርት

መንገዱ የተዘጋ እንዳይመስላችሁ አንድ ምሳሌ ላምጣ። በሞሮኮ የአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ በሱስ ማሳ ብሔራዊ ፓርክና በአቅራቢያው ባለው ታምሪ፣ በባሕር ገደሎች ላይ ጎጆውን የሚሠራ ራሰ በራ የአይቢስ ወገን የሆነ ጥቁር ወፍ አለ። በአንድ ወቅት ከአውሮፓ እስከ መካከለኛው ምሥራቅ የነበረ ወፍ ነው፤ ከዚያ በዱር የቀረው እዚያና በሶርያ ብቻ ሆነ። በሶርያ በፓልሚራ በረሃ እ.ኤ.አ. በ2002 የተገኙት ከአሥር የማይበልጡ ነበሩ። በ2006 በጀርባቸው ላይ የሳተላይት መከታተያ ታስሮ ክረምታቸውን የት እንደሚያሳልፉ ሲታይ፣ የመጡት ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ሆኖ ተገኘ! የሶርያዎቹ በጦርነቱ ዘመን ጠፉ።

የሞሮኮዎቹ ግን በዙ። ከተሠራው ሥራ ዋናው ቀላል ነበር፤ ጠባቂዎቹ የተቀጠሩት ከዚያው ከባሕሩ ዳር መንደሮች ነው። ገደሉን የሚያውቁ፣ ጎረቤቱን በስሙ የሚጠሩ ሰዎች ናቸው። ወፉ ጎጆ ሲሠራ ሰው እንዳይረብሸው ይጠብቃሉ፤ በደረቅ ጊዜ ውኃ ያኖሩለታል። ወፉ ሲኖር ደመወዙ ለቤተሰቡ ይገባል። ዛሬ የሚራቡት ጥንዶች ከ100 በላይ ሆነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ወፉ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርዝር ወጥቶ ወደ ተሻለው ደረጃ ተሸጋገረ።

ያን ያህል ርቀን መሄድም አያስፈልገንም። በመንዝ ጓሳ አባቶቻችን ከዘመናዊ ፓርክ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት «ቀሮ» በሚባል ሥርዐት ጓሳውን በጋራ ይጠብቁ ነበር። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋና ሲደርስ በሥርዐት ይከፈታል፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሁሉም በተራው ያጭዳል። ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣል። ሥርዐቱ በደርግ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አንሥቶታል። ጓሳ ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አለበት። ሰው የራሴ የሚለውን ነገር ይጠብቃል፤ ከእኔ ወሰዱት የሚለውን አይጠብቅም።

እኛስ?

ደባርቅና ደረስጌ ለሚኖር ቤተሰብ ምክር ለመስጠት አልዳዳም፤ ኑሮውን የሚያውቀው እርሱ ነው። ከከተማ ላለነው ግን ጥቂት ነገር ልበል።

ውሻ ካላችሁ በየዓመቱ አስከትቡት። ገጠር ያለ ዘመዳችሁ ጋ ስትደውሉም «ውሻው ተከትቧል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የወረዳው የእንስሳት ሕክምና ባለሙያ የክትባት ዘመቻ ሲያደርግ ሰው የሚወጣው ሲነገረው ነው፤ የእናንተ ስልክ አንድ ማስታወሻ ይሆናል።

ሰላም ሲሆንና መንገዱ ሲፈቅድ የልጆቹን ዕረፍት ስሜን ላይ አሳልፉ። በአውሮፕላን ወይም በመኪና እስከ ጎንደር፣ ከዚያ ደባርቅ ነው። ወቅቱ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ቢሆን ዝናቡ አቁሞ ምድሩ ገና አረንጓዴ ነው። ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል፤ ለልጆች ኮፍያ፣ ጓንትና ወፍራም ካልሲ ያዙ። ከፍታው ለለመደው ሰው እንጂ ለሁሉም አይመችም፤ የመጀመሪያውን ቀን በእርጋታ አሳልፉት። አስጎብኚውንና በቅሎውን ከዚያው ከአካባቢው ሰው ያዙ፤ ሽሮውንና እንቁላሉንም ከዚያው ግዙ። ዋጋ ስትከራከሩ የምትከራከሩት ግጭን ለቆ ከወረደ አባወራ ጋር ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

ጨነቅ ስትደርሱ ልጆቹን ዝም አሰኙና ገደሉን እንዲያዩ አድርጉ። ዋልያ ከዐለቱ ጋር ስለሚመሳሰል ቶሎ አይታይም። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ትንሽ ታገሡ፤ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ቀንዱ ነው። ያየው ልጅ ትምህርት ቤት ሲመለስ ለጓደኞቹ የሚነግረው ነገር ይኖረዋል፤ የሚኖረው የት እንደሆነ፣ ምን እንደሚበላ፣ እናቱ በአንድ ጊዜ ስንት እንደምትወልድም ጭምር።